ቀድሞ የደረሰው መርከብ

በዚህ የቤተሰብ ዓምድ ስለ ልጅ አስተዳደግ፣ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ትዳር ብዙ ቁም ነገር ሲቀርብ ቆይቷል። እኔ ዛሬ የማወሳው ስለ አንድ አሮጌ የቴሌቪዥን ፊልም ነው። ጉዳዩ ግን ከየቤታችን ጓዳ፣ ከዱቄቱ ጆንያ አጠገብ የሚገኝ ስለሆነ ከዓምዱ ወጣህ ተብዬ እንደማልወቀስ ተስፋ አለኝ።

ዕጩ መኮንን ሳለሁ በዕረፍት ምሽታችን ከምንመለከታቸው ፊልሞች አንዱ «ስታር ትሬክ» ነበር። ከ1966 እስከ 1969 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቴሌቪዥን በ79 ክፍሎች የታየ፣ ኢንተርፕራይዝ የተባለች የጠፈር መርከብ ከአዛዥዋ ከካፒቴን ኪርክ ጋር በከዋክብት መካከል የምታደርገውን ጉዞ የሚተርክ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ነው። እኛ ወጣቶቹ የምንሻው ውጊያውን ነበር። ዲሴምበር 15 ቀን 1966 የታየውን፣ ሁለት መርከቦች እንደ ባሕር ሰርጓጅ ተደባብቀው የሚፈላለጉበትን ክፍል፣ የሁለቱን አዛዦች ብልሃት እየተነተንን ደጋግመን አይተነዋል። ከእርሱ አንድ ሳምንት ቀድሞ የታየውን «የንጉሡ ኅሊና» የተሰኘውን ክፍል ግን ቲያትር ይበዛዋል፣ የጠፈር ውጊያም የለበትም ብለን እናልፈው ነበር።

ይህን የናቅነውን ክፍል ዳግመኛ ያየሁት ባለፈው ክረምት ነው። ሰፈራችን መተማ አጠገብ ሲሆን፣ ከድልድዩ ማዶ ገላባት፣ ከዚያም አልፎ የገዳሪፍ ሜዳ ይዘረጋል። ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ባለን ምሽት፣ ከባለቤቴና ልትጠይቀን ከመጣችው እናቴ ጋር ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አድርገን ተቀመጥን። እኔ ወደ አማርኛ እየመለስሁ እነርሱ ያዳምጣሉ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ታርሰስ አራተኛ በተባለች ሩቅ ሰፈራ 8,000 ሰዎች ይኖራሉ። ሻጋታ ቀለባቸውን ያበላሸዋል። ኮዶስ የተባለው አገረ ገዥ ሥልጣኑን ሁሉ በእጁ ጠቅልሎ፣ ማን ሊኖር እንደሚገባው በራሱ መመዘኛ ይለይና 4,000ውን ያስገድላል። ከዚያ በኋላ ቀለብ የጫኑት መርከቦች ከተጠበቁበት ጊዜ ቀድመው ይደርሳሉ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ሞቷል የተባለው ኮዶስ ካሪዲያን በሚል ስም የተዘዋዋሪ ቲያትር ቡድን መሪ ተዋናይ ሆኖ ይገኛል። ኪርክ በልጅነቱ ፊቱን ካዩት ጥቂት የዓይን ምስክሮች አንዱ ነበር። የክፍሉም ርዕስ የተወሰደው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ ከመለሰው ከሼክስፒር «ሐምሌት» ነው።

ዳይሬክተሩ ጌርድ ኦስዋልድ ያን የረኀብ ዘመን አንድ ጊዜም በምስል አያሳየንም። የሚያሳየን አርኖልድ ሞስ የሚጫወተውን የደከመ ሽማግሌ ነው። ኪርክ ድምፁን ሊያመሳክር ፈልጎ የጥንቱን የግድያ ትእዛዝ በወረቀት ይሰጠውና አንብብልኝ ይለዋል። ሽማግሌው ወረቀቱን እምብዛም ሳይመለከት ይወጣዋል። በአካዳሚ ሳለሁ ተሰላችቼ ያለፍሁት ይህ ትዕይንት አሁን ጀርባዬን አቀዘቀዘው። የሴት ልጁን ፍጻሜ በተመለከተ ግን የቀድሞ አስተያየቴን አልለወጥሁም፤ አባቷን ለማዳን ምስክሮቹን እየተከታተለች መግደሏ ያሳምናል፣ በመጨረሻ አእምሮዋን ስትስት ግን ጩኸቱ ከልክ ያልፋል።

እናቴ ስለ ልጅቷ ግድ አልነበራትም። «መርከቡ እንደሚመጣ ሰውየው አያውቅም ነበር?» ስትል ጠየቀችኝ።

«መምጣቱንስ ያውቃል፤ በጊዜው አይደርስም ብሎ ነው እንጂ» አልኋት።

ዝም አለች። ከቆይታ በኋላ «እኛም አናውቅም ነበር» አለች።

እናቴ በ1977ቱ ረኀብ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ቤተሰቧ ከሑመራ ተነሥቶ ተከዜን ተሻግሮ፣ በስተመጨረሻ ከሰላ ከተማ አጠገብ ወድ ሸሪፌ ከተባለው የስደተኞች ሰፈር ደረሰ። ስለዚያ ዘመን የምትነግረኝ ዘወትር የከሰላን ተራሮች ነበር፤ እንደ ተገተረ አውራ ጣት ከሜዳው ብድግ ያሉ ናቸው ትለኛለች። ስለ ቀለቡ አውርታኝ አታውቅም። በዚያ ምሽት ግን ነገረችን። አያቴ የሚሰጣትን እህል የምትሰፍረው በአንዲት ጣሳ ነበር። ከጎናቸው ካርድ ያላገኘች፣ ሕፃን ያዘለች እንግዳ ሴት ተጠግታ ነበርና አያቴ ከጣሳው ላይ በእፍኝ እየቀነሰች ትሰጣታለች። «መኪና መች እንደሚመጣ የሚያውቅ አልነበረም» አለች እናቴ፤ «እኔ በጣም እቆጣ ነበር፤ እፍኙን እቆጥር ነበር።»

በዚያው ዘመን መቀሌ ላይ ክሌር በርሺንገር የተባለች የቀይ መስቀል ነርስ፣ ከሺህ በላይ ሕፃናት ተሰልፈው ሳለ የምግብ ማእከሉ የሚቀበለው ስልሳ ሰባውን ብቻ በመሆኑ፣ በሰልፉ መካከል እየተመላለሰች ትመርጥ ነበር። እርሷም እንደ ኮዶስ መርጣለች ሊባል ይችላል። ነገር ግን እያንዳንዱን ሕፃን ፊት ለፊት እያየች ነበር፤ ሸክሙም ለብዙ ዓመታት አብሯት እንደኖረ ኋላ ተናግራለች።

እናቴ ከተኛች በኋላ ባለቤቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ያን ዝርዝር ቀደድኸው?» አለችኝ።

አልቀደድሁትም ነበር። ፊልሙን ከማየታችን ከሦስት ሳምንት በፊት መንገዱ በዋልካ ጭቃ ተይዞ ቀለብ የጫኑት መኪኖች ዘግይተው ነበር። በመጋዘን የቀረውን ዱቄት ለቤተሰቦች ማከፋፈያ ዝርዝር እንዳዘጋጅ ታዘዝሁ። ቤተሰቡን በነፍስ ወከፍ አካፈልሁት፤ አልበቃ አለ። መዝገቡን ስመረምር ባለቤቷ ያረፈባት፣ የጡረታ ወረቀቷ ገና ያላለቀላት አንዲት እናት አገኘሁ። ባሏ ከስም ጥሪ ወጥቷልና በደንቡ መሠረት እርሷም የምትቆጠር አይደለችም። ስሟን ሰረዝሁት። ሒሳቡ ሳይጎድል ሳይተርፍ ወጣልኝ፤ እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። አራት ቀን ይዘገያሉ የተባሉት ኦራሎች በዚያው ምሽት መብራታቸውን አብርተው ከች አሉ። ዝርዝሩም ሳይሠራበት ከመሳቢያዬ ገባ።

በማግሥቱ ወደ እናትየዋ ቤት ሄድሁ። ቡና አፈላችልኝ። ልጆቿን እየጠራች አስተዋወቀችኝ፤ ትንሿ ደብተሯን አምጥታ አሳየችኝ። ልነግራት ሄጄ፣ ሦስተኛውን ስኒ ጠጥቼ ሳልነግራት ተመለስሁ።

ይህን ዓምድ በየሳምንቱ እንደሚያነቡ አውቃለሁ፣ እናቴ። ስምዎን የሰረዝሁት እኔ ነኝ።