ውጭ የተንጠለጠለ ሞተር፣ ሆድ ውስጥ የተቀበረ ሞተር

የጣና ጀልባ ነጂ ሞተሩ ቤንዚን ሲበዛበት የሚያደርገውን ባሕር ዳር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ክዳኑን ይከፍታል፣ ካንዴላውን ይፈታል፣ ያሸተዋል፣ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርገዋል፣ እምቢ ካለው ክብሪት ጭሮ ያደርቀዋል። መልሶ ያስርና ገመዱን ይጎትታል። ወደ ዘጌ የሚሻገሩት ምእመናን ነጠላቸውን እያስተካከሉ ይጠብቃሉ እንጂ የሚደነግጥ የለም።

እኔ አሁን የምሠራው ኦሪገን ውስጥ፣ ጀልባ የሚጠገንበት ጋራዥ ነው። ለኮሎምቢያና ለስኔክ ወንዞች የሚሆኑ ጄት ጀልባዎች ብዙ ይመጡልናል። እዚህ ያንን ክብሪት የጫረ ሰው ጀልባውንም ራሱንም ሊያጣ ይችላል። የጣናው ነጂ ተሳስቷል ማለቴ አይደለም። የእሱ ሞተር ከጀልባው ኋላ ውጭ ላይ ስለተንጠለጠለ የቤንዚኑን ትነት የሐይቁ ነፋስ ይወስድለታል። የጄት ጀልባ ሞተር ግን ሆድ ውስጥ፣ ክዳን ስር የተቀበረ ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ከወለሉ ስር ይተኛል፤ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች።

ለማያውቀው አሠራሩን በአጭሩ ልንገር። ሞተሩ ብዙ ጊዜ ከመኪና የመጣ ባለ 8 ሲሊንደር ነው። ዘንጉ በቀጥታ ፖምፑን ያዞራል፤ ፖምፑ ከጀልባው ሆድ ስር ባለው ወንፊት ውሃ ይስብና በኃይል ወደ ኋላ ይተፋል፤ ጀልባዋ ትፈናጠራለች። ከታች የሚንጠለጠል ፕሮፔለር ስለሌለ ድንጋያማና ጥልቀት የሌለው ወንዝ አይበግራትም። ነገሩን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለወግ ያበቃው ቢል ሃሚልተን የሚባል የኒውዚላንድ ሰው ሲሆን፣ የአገሩ ወንዞች ጥልቀት የሌላቸው መሆናቸው ነው ያስቸገረው። እ.ኤ.አ. በ1960 የእሱ ጀልባዎች ኮሎራዶ ወንዝን በግራንድ ካንየን በኩል ሽቅብ ወጥተውታል። ዛሬ አይዳሆ ውስጥ ከሉዊስተን ተነስተው ቱሪስት ይዘው ወደ ሄልስ ካንየን የሚወጡትም የዚያው ዘር ናቸው።

እንግዲህ ሞተሩ አልነሳ ሲል የመጀመሪያው መሣሪያ አፍንጫ ነው፤ እዚህ ላይ አገር ቤትና አሜሪካ ይስማማሉ። ቤንዚን ከሸተተ ቁልፉን አትንኩ። ክዳኑን ክፈቱ፣ የሚንጠባጠብ ነገር ካለ ፈልጉ፣ ከዚያ የአየር ማውጫ ማራገቢያውን አስነሱ። ቤንዚን ሞተር ሆዳቸው ውስጥ ባለባቸው ጀልባዎች ላይ፣ ከማስነሳታችሁ በፊት ማራገቢያውን 4 ደቂቃ አሠሩ የሚል ማስጠንቀቂያ ተለጥፎ ታዩታላችሁ፤ የሕግ ግዴታ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ወንዝ ዳር ያን 4 ደቂቃ የሚጠብቀው ምን ያህሉ እንደሆነ ግን እኔን አትጠይቁኝ።

ሽታው ከጠፋ በኋላ ነዳጁን በእግር ደጋግሞ መርገጥ ማቆም ነው፤ በተረገጠ ቁጥር ካርቡራተሩ ሌላ ቤንዚን ይረጫል። ይልቅ እስከ መጨረሻው ከፍቶ ይዞ ሞተሪኖውን በአጭር በአጭሩ ማዞር አየር ያስገባና ትርፉን ያስወጣል። ኮምፒውተር ያላቸው አዳዲሶቹም ብዙዎቹ እንዲያ ሲያዙ ነዳጁን ራሳቸው ይቆርጣሉ። ጄት ጀልባ ግን ሞተሩ በተነሳበት ቅጽበት ፖምፑም ይዞራልና፣ ነዳጁ ተከፍቶ ሳለ ድንገት ከተነሳ ጀልባዋ ትዘላለች። ስለዚህ በደንብ ትታሰር፣ እግርም ነዳጁን ወዲያው ለመልቀቅ ይዘጋጅ። ደጋግሞ የሚበዛበት ከሆነ ጥፋቱን ከካርቡራተሩ ጀምሮ ፈልጉ፦ መርፌው ላይ የተቀመጠ ቆሻሻ፣ ቤንዚን የገባበት ተንሳፋፊ፣ ወይም ከልክ በላይ የሚገፋ የነዳጅ ፖምፕ።

በነገራችን ላይ ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ ለባሕር ዳርቻ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚያ ሲደርስ ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። የእኛ ነጂዎች ካንዴላ በመጥረግ የተካኑት ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ካርቡራተሩ ውስጥ ያለችውን ጅግለር በአነስተኛ ቀዳዳ መለወጥ ከዕለት ተዕለት መጥረግ ይገላግላል።

የቤንዚኑ ይሁን፤ የከፋው ውሃ የበዛበት ሞተር ነው። አብዛኞቹ ጄት ጀልባዎች የሚቀዘቅዙት ፖምፑ ራሱ በሚገፋላቸው የወንዝ ውሃ ነው፤ ውሃው ሞተሩን አዳርሶ ከጭሱ ጋር ይወጣል። አገር ቤት የጀልባ ሞተር ደረቅ ላይ የምንሞክረው በርሜል ውስጥ ውሃ ሞልተን ነው። መጀመሪያ ውሃው፣ ቀጥሎ ሞተሩ፤ አለዚያ ውሃ የምትስበው የላስቲክ ፖምፕ ደርቃ ትቃጠላለች። ጄት ጀልባን በጓሮ ቱቦ ለሚሞክር ሰው ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፦ መጀመሪያ ሞተሩ ይነሳል፣ ወዲያው ውሃው ይከፈታል፤ ሲያበቃም መጀመሪያ ውሃው ይዘጋል፣ ከዚያ ሞተሩ ይጠፋል። ሞተሩ ሳይነሳ ውሃ ከተለቀቀበት የሚገፋው ጭስ የለምና የጭስ መውጫውን ሞልቶ፣ ክፍት ባገኘው ቫልቭ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። ውሃ እንደ አየር አይታመቅም። ሞተሪኖው «ጓ» ብሎ ይቆማል፤ በግድ ላዙር ያለ ሰው ቢዬላ ያጎብጣል።

ያ «ጓ» ከተሰማ ካንዴላዎቹ ሁሉ ይፈቱ። የብልጭታው መስመር ተነቅሎ ሞተሪኖው ሲዞር ውሃው በካንዴላው ቀዳዳ ይፈነዳል፤ ፊታችሁን አርቁ። ዘይቱንም በመለኪያው እዩት። ወተት መስሎ ከነጣ ውሃ ገብቶበታል፤ እስኪጠራ ደጋግሞ መለወጥ ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ ለነገ የሚያሳድር ሰው ዝገት ይቀድመዋል።

ወደ ፖምፑ ፍሳሽ ስመጣ ደግሞ የአገር ቤቱን እጅ አደንቃለሁ። ፎገራ ላይ ሽንኩርትና ሩዝ የሚያጠጣ ገበሬ የመስኖ ፖምፑ ሲያፈስ ዕቃ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አይጠብቅም፤ ከካላማዳሪ ቆርጦ ጓርኒሲዮን ይሠራል፣ ከየት እንደሚፈስም በጣቱ ያውቃል። እዚህ ግን ሙሉ ፖምፕ የሚያዝዝ ደንበኛ አይቻለሁ፤ ችግሩ የላላ ቦሎን ሆኖ ሳለ። የጀልባውን ሆድ በጨርቅ አድርቁና አሠሯት። የሚመጣው ውሃ ለብ ካለ ከሞተሩ ማቀዝቀዣ ቱቦ ነው፤ ቀዝቃዛ ከሆነ ፖምፑ ጋ ፈልጉ፦ ዘንጉ የሚገባበት ማሸጊያ፣ የእጅ ማስገቢያው ክዳን ቀለበት፣ ፖምፑ ከጀልባው ሆድ ጋር የሚጋጠምበት ጓርኒሲዮን።

በድሮዎቹ፣ ለምሳሌ በበርክሌይ ፖምፖች ላይ፣ የዘንጉ ማሸጊያ የተቀባ ገመድ ነው፤ ዘንጉ ሲዞር ጠብ ጠብ ማለት አለበት። ጠብታው ነው የሚያቀዘቅዘው። ጨርሶ ላድርቀው ብሎ የሚያጠብቅ ሰው ገመዱን ያቃጥላል፣ ዘንጉን ይፍቃል፣ በኋላም ፍሳሹ ይብሳል። አዳዲሶቹ ማሸጊያዎች ግን ጠብ ማለት የለባቸውም፤ ካሉ አብቅቶላቸዋል።

ከካላማዳሪው ብልሃት ጀልባው ሆድ ውስጥ የማልፈቅደው አንድ አለ፤ ነዳጅ መስመር ላይ የመኪና ዕቃ መግጠም። የመኪና የነዳጅ ፖምፕ ውስጡ ያለው ስስ ሽፋን ሲቀደድ ቤንዚኑ ወደ ውጭ ሊፈስ ይችላል፤ መኪና ስር አስፋልት ላይ ይተናል፣ ጀልባ ውስጥ ይጠራቀማል። የጀልባው ፖምፕ ግን ድርብ ሽፋን አለው፤ ከእሱ ወደ ካርቡራተሩ የምትሄድ ብርሃን የምታሳልፍ ቀጭን ቱቦም አለችው። ቱቦዋ ውስጥ ቤንዚን ከታየ አንደኛው ሽፋን ተቀድዷል ማለት ነው። ሞተሪኖውም እንዲሁ ብልጭታው ወደ ውጭ እንዳይወጣ የታሸገ ነው። መልኩ ከመኪናው ጋር አንድ፣ ዋጋው ግን ሌላ።

ባሕር ዳር ያለ የአክስቴ ልጅ «ወንድምዓለም፣ አንዱን አሮጌ ጄት ብትልክልን ቱሪስቱ ይጎርፍ ነበር» ይለኛል። ጣና ላይ ከእምቦጩ ጋር አይሆንም፤ ወንፊቱ ቅጠልና ሥር ሲስብ ፖምፑ ይታፈናል፣ ሞተሩም የሚቀዘቅዝበትን ውሃ አብሮ ያጣል። ውጭ የተንጠለጠለውን የእሱን ሞተር የያዘ እምቦጭ ግን በእጅ ይፈታል። ባሮ ላይ፣ ጋምቤላ፣ በበጋ ውሃው ሲሳሳ ይሻል ይሆናል። ለባሕር ዳሩ ግን የምልክለት ለከፍታው የምትሆነዋን ጅግለርና አንድ ፓኮ ካንዴላ ነው።