የአራታችን ጥርስ

ጥርሱ የአንዳችን ነው፤ ዋጋው ግን የአራታችን ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ማብቂያ ላይ፣ ኳስ ሜዳ፣ የአንድ ተከላካይ ክርን የጓደኛችንን የፊት ጥርስ ከጫፉ ቆርሶ ጣለው። ከዚያን ቀን ወዲህ ልጁ ሲስቅ አፉን በእጁ መጋረድ ያዘ። ክፍል ውስጥ ተነሥቶ ማንበብ የሚወደው ሰው የኋላ ወንበር መረጠ። እኛም አንድ ማታ ዶርም ውስጥ ስብሰባ ተቀመጥንና በሙሉ ድምፅ ወሰንን፤ ይዋጣ! እንዴት እንደ ተዋጣ አይነሣ። ሁለት ወር ሙሉ ሻይ በዱቤ ጠጥተናል።

ሐኪሙ ጥርስ መሰል ሙሌት ሞሉለት። ከክሊኒኩ ሲወጣ ከበብነውና አፉን አስከፍተን መረመርነው፤ «የትኛው ነበር የተሰበረው?» ተባባልን። አላገኘነውም። እንደዚያ ቀን ኮርተን አናውቅም። «ለአንድ ሁለት ቀን ቡና፣ ሻይና እርድ ያለበት ምግብ ይቅርብህ» ብለውት ነበር። ሁለቱ ቀን ተከበረ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ዓመት ተኩል ማን ይጠይቃል? ፈተና አለ፣ ሌሊት አለ፣ ቡና አለ።

ቀለሙ በአንድ ቀን አልመጣም። መጀመሪያ በሙሌቱ ጠርዝ ላይ በእርሳስ የተሰመረች የምትመስል ቀጭን መስመር ታየች። ቀጥሎ ሙሌቱ ራሱ ወየበ፤ እያደር የአሮጌ ደብተር መልክ ያዘ። ዋናው ጥርስ እንደ ነበረ ነው። የደበቅነው ስብራት ልኩን ጠብቆ ተመልሶ መጣ ማለት ነው፤ እጁም ወደ አፉ ተመለሰች።

የቋንቋ ተማሪዎች ብንሆንም ነገሩ ስላንገበገበን መጽሐፍ ማገላበጥ ጀመርን። ሙሌቱ ለካ ድንጋይ አይደለም! ሙጫና እጅግ የደቀቀ የመስታወት ዱቄት ተለውሶ በሰማያዊ ብርሃን የሚጠነክር ነገር ነው። ለዚህ የበቃውን ሙጫ ራፋኤል ቦወን የተባለ አሜሪካዊ ቀምሞ እ.ኤ.አ. በ1962 የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። መስታወቱ ምንም አይጠጣም፤ ሙጫው ግን ቀስ እያለ ውሃ ይጠጣል፣ ከውሃው ጋር ቀለም ይገባል። የሻይ ቀለም በአብዛኛው ከላይ ስለሚለጠፍ ብሩሽ ያነሣዋል። የቡናው ከላይም ይለጠፋል፣ ወደ ውስጥም ይሰርጋል። አልጫውን የሚያስውበው እርድማ የታወቀ ጠላት ነው። በቀይ ወይን ደግሞ አልኮሉ ሙጫውን ያለሰልሳል፣ ቀለሙ ተከትሎ ይገባል። ለስላሳ መጠጥና ሎሚ ቀለም ባያወርሱ እንኳ ኮምጣጣነታቸው ፊቱን ያሻክረዋል፤ የሻከረ ፊት፣ በደንብ ሳይወለወል የቀረም ፊት፣ ያገኘውን ሁሉ ይይዛል። የጠርዙ መስመር ጉዳይ ሌላ ነው። ሙሌቱ ሲጠነክር ትንሽ ስለሚኮማተር ከጥርሱ ጋር በተገናኘበት ቦታ ስንጥቅ ሊከፈት ይችላል፤ ቀለሙ እዚያ ይሸሸጋል። ማንጫ መድኃኒት እንዳንገዛለትም ተረዳን፤ ጥርሱን እንጂ ሙሌቱን አያነጣውምና ልዩነቱን ማባባስ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ ንባብ በኋላ ያደረግነው ምን ይመስላችኋል? ፖሊስ ሆንን። ቡና ከለከልነው። ሂስና ግለ ሂስ ላይ አስቀመጥነው ማለት ይቻላል። ገንዘባችን አፉ ውስጥ ነዋ!

ለፋሲካ እናቱ ቤት፣ ጎንደር፣ ተያይዘን ሄድን። እማማ ቡናውን ቆልተው፣ ቄጠማውን ጎዝጉዘው አቦሉን ቀዱ። ልጃቸው ስኒውን መለሰ። «ጥርሴ ነው እማዬ፣ ይጠቁርብኛል» አለ፣ ወደ እኛ እያየ። እማማ ምንም አላሉም፤ ስኒውን ረከቦቱ ላይ መልሰው አስቀመጡ። ዓመት ሙሉ የጠበቁት ልጅ ነው። እኛ የምንገባበት ጠፋን።

አራተኛው ጓደኛችን የመተሐራ ልጅ ነው። እዚያ ያለው የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት፣ ጥርሶቹ ገና በልጅነቱ ሲሠሩ ቡናማ ሆነው ወጥተዋል፤ ብሩሽ የማያነሣው ቡናማ። እሱ ግን አፉን ከፍቶ ይስቃል፤ ዶርሙን የሚያነቃን የእሱ ሳቅ ነው። ሁለተኛ ስኒ ለመነና፣ «እማማ፣ የእኔን እዩትማ! ቡና ሳልጀምር ነው እንዲህ የሆነው» አላቸው።

እማማ ሳቁ። ሲስቁ የተነቀሰው ድዳቸው ታየ። «እኔንስ ጥርሴ ነጭ እንዲመስል ብለው ድዴን በመርፌና በጥላሸት አጠቆሩት፤ ሳምንት እህል አልቀመስኩም» አሉን። የጥርሱ ባለቤት አቀረቀረ። ቶናው ሲቀዳ እጁን ዘረጋ። ከሦስታችን አንድም የተናገረ የለም፤ ከጎኑ ብርጭቆ ውሃ አስቀመጥንለት፣ እየጠጣ ተጉመጠመጠ። በረካውንም አልዘለለም።

ስንመለስ ሐኪሙ ወለወሉለት። የላዩ ቀለም ለቀቀ፣ የጠርዟ መስመር ግን ቀረች። ሙሌቱ ይቀየር ብለን ዳግመኛ መዋጮ ስንጠራ ባለቤቱ ተቃወመ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ተከፈለ፣ ሦስት ለአንድ፣ አንዱ አሸነፈ። ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ ተነሥቶ ጽሑፉን አነበበ። ከመካከሉ አንድ የሚያስቅ ቦታ ነበረው፤ ሳቀ፣ ሁለቱም እጆቹ ወረቀቱ ላይ ነበሩ።