«ነገ ይፋ ይወጣል!»



በዚህ ወር ስለ አንዲት ቃል ላወያያችሁ እወዳለሁ፤ ቃሏም «ነገ» ናት። የነገን አላህ ብቻ እንደሚያውቅ ለእናንተ መንገር አያሻኝም። እኔ የማነሣው በስልካችን ላይ በቀይ ክብና በቀስት ታጅባ የምትመጣውን «ነገ» ነው። «ነገ ማታ ባለሥልጣናቱን የሚያንቀጠቅጥ ምስጢር ይፋ ይወጣል!» ትለናለች። ማታው ይደርሳል፤ ያልፋልም። ምስጢሩ ግን ወደ ሌላ ነገ ይዘዋወራል።

የዚህን ነገር አሠራር ለማየት አሜሪካ ውስጥ የሆነውን መመልከት ይበጃል፤ ቀኑና ሰዓቱ ተጽፎ ቀርቷልና። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 28 ቀን 2017 ስሙን የደበቀ አንድ ሰው በኢንተርኔት ላይ ብቅ አለና ሂላሪ ክሊንተን ከነገ ወዲያ ሰኞ ከጠዋቱ 1፡45 እስከ 2፡30 ባለው ጊዜ ይታሰራሉ ብሎ ጻፈ። ልብ በሉ፤ ደቂቃው ሳይቀር ተጠቅሷል። ሰኞ መጣ፤ ሴትዮዋ አልታሰሩም። እንግዲህ ነገሩ እዚያው ማብቃት ነበረበት ትሉ ይሆናል። አላበቃም። ሰውዬው ኋላ «ኪው» በሚል ስም እስከ 2020 መጨረሻ ወደ 5 ሺህ የሚጠጋ መልእክት ለጠፈ። አብዛኛው እንቆቅልሽ ነበር፤ ፍቺውን የሚደክሙበት ተከታዮቹ ራሳቸው ናቸው። ፍቺው ሳይደርስ ሲቀር ታዲያ የሚወቀሰው ተናጋሪው ሳይሆን ፈቺው ይሆናል ማለት ነው። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው! እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 20 ቀን 2021 ጆ ባይደን ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ ብዙ ተከታዮች አሁን በጅምላ ይታሰራሉ ብለው ዓይናቸውን ተክለው ጠበቁ። ባይደን ማሉ፤ ሥራቸውንም ጀመሩ።

እኛ መድረሳ ያደግን ሰዎች ለዚህ ዓይነቱ ወሬ አንድ አሮጌ መመርመሪያ አለን። በሐዲስ ጥናት «ምን አለ?» ከማለት ጋር «ከማን ሰማህ? እርሱስ ከማን ሰማ?» ይባላል። ስሙ ያልተጠቀሰ ራዊ «ሙብሀም»፣ ማንነቱ የማይታወቀው ደግሞ «መጅሁል» ይባላል፤ ወሬው የቱንም ያህል ቢያምር ዑለማኦቹ በእንዲህ ዓይነት ሰው ላይ ብቻ አይደገፉም። «ኪው» የተባለው ሰው በዚህ ሚዛን ከመጀመሪያው ደጃፍ አያልፍም ነበር። የባግዳዱ ዓሊም ኢብኑል ጀውዚ፣ እ.ኤ.አ. በ1201 የሞቱት፣ ሕዝብ እየሰበሰቡ ስለሚተርኩ ሰዎች ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፈዋል። እንግዲህ ጉባኤ ሰብሳቢ ተራኪ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም፤ የዛሬው ልዩነት በተመልካች ቁጥር የማስታወቂያ ገንዘብ መቆጠሩ ነው።

በሰፈራችን አንድ የሚኒባስ ሹፌር አለ፤ በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ጋሼ ነው የምለው። ሐሙስ ዕለት ትልቅ ጉድ ይወጣል፣ ከተማውም ይናወጣል የሚል ነገር ሰምቶ መኪናውን ሦስት ቀን አቆመ። የቤቱ የዕለት ወጪ ከዚያችው መኪና ነው። ሚስቱ ባለቤቴ ዘንድ መጥታ አለቀሰች፤ ዘይት በዱቤ ገዝታለች፣ የልጇን የትምህርት ክፍያ ግን የሚያበድራት አላገኘችም። ሄጄ አነጋገርኩት። «ኡስታዝ፣ እውነት ቢሆንስ?» አለኝ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ ክፉ ቀን ያየ ሰው ነው። እኔም «ጋሼ፣ ሰውየው ከዚህ በፊት ያለው የትኛው ደረሰ?» አልኩት። ዝም አለ። ሐሙስ እንደ ሌላው ሐሙስ አለፈ፤ የሦስት ቀኑ ገቢ ግን ተመልሶ አልመጣም።

ከገንዘብ የከፋም አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 አንዳንዶች በዋሽንግተን ከተማ ባለ አንድ ፒዛ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ሕፃናት ታግተዋል ብለው አወሩ። አንድ የልጆች አባት አምኖ፣ ጠመንጃ ይዞ ከሰሜን ካሮላይና ድረስ ነዳና ዲሴምበር 4 ቀን ገብቶ ተኮሰ። ቤቱ ምድር ቤት የሚባል ነገር የለውም። አልሐምዱሊላህ፣ የተጎዳ ሰው አልነበረም፤ እርሱ ግን አራት ዓመት እስራት ተፈረደበት።

ታዲያ የተደበቀ ነገር የለም እያልኩ ነውን? አይደለም። ሹማምንት የሚደብቁት ሞልቷል፤ አንዳንዴም ይወጣል። አወጣጡን ግን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 3 ቀን 2016 የፓናማ ሰነዶች የተባሉት 11.5 ሚሊዮን ፋይሎች ወጡ። ከ370 በላይ ጋዜጠኞች አንድ ዓመት ያህል አፋቸውን ዘግተው ሲያገላብጡ ከርመዋል፤ «ነገ ጠብቁን» እያሉ ከበሮ አልደለቁም። በሁለተኛው ቀን የአይስላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሥልጣን እንደሚለቁ ተነገረ። በፓኪስታን ደግሞ የጠቅላይ ሚኒስትር ነዋዝ ሸሪፍ ልጆች ስም በሰነዱ ስለተገኘ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ መርማሪዎች ተሾሙ፤ ወረቀት ተመረመረ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 28 ቀን 2017 ፍርድ ቤቱ ከሥልጣን አነሣቸው። ምክንያቱም በኤምሬትስ ካለ የልጃቸው ኩባንያ የሚገባቸውን ደመወዝ አለማስመዝገባቸው ነበር። እንዴት ያለ አሰልቺ ወሬ ነው! የደመወዝ ወረቀት! ለዚህ ቀስትና ቀይ ክብ ማን ይሥልለታል?

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2016 የዊኪሊክሱ ጁሊያን አሳንጅ ታላቅ ነገር ያወጣል ተብሎ፣ አሜሪካ ያሉ ደጋፊዎቹ ለሱሑር እንደሚነሣ ሰው ሌሊት ተነሥተው ጠበቁት። በዚያ ጉባኤ ላይ የወጣ አዲስ ሰነድ አልነበረም። ከሦስት ቀን በኋላ ዓርብ ዕለት ግን ሁለት ሺህ ያህል የኢሜይል ደብዳቤዎችን ለቀቀ፤ እውነተኛ ወረቀት ነበር፤ አንድ በአንድ ማንበብ ይጠይቃል። ከላይ የነገርኳችሁን የፒዛ ቤት ወሬ የፈጠሩት ሰዎች «ምስጢራዊ ቃል አገኘንበት» ያሉት በእነዚሁ ደብዳቤዎች ውስጥ ነው።

ትልልቆቹ ደረሶቼ አሁን አንድ ደብተር ይዘዋል። በግራው ገጽ ማን ምን እንዳለና የተባለውን ቀን ይጽፋሉ፤ ቀኑ ሲያልፍ በቀኙ የሆነውን ይሞላሉ። ስድብ መጻፍ ክልክል ነው። የቀኙ ገጽ አብዛኛው ነጭ ነው፤ በአንዱ ላይ ግን «በከፊል ሆኗል» ብለው ጽፈዋል። ከማን እንደሰሙ ጠየቅኳቸው፤ ሰነዱን አውጥተው አሳዩኝ።