ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው

ከኢንግልዉድ፣ ሎስ አንጀለስ



አበው «ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» ሲሉ፣ እችላለሁ ባይ ሁሉ ወጥቶ ይታይ ማለታቸው ነው። እኛ ግን ፈረሱም ተቀልቦ፣ ሜዳውም ተደልድሎ፣ ልጓሙን የጨበጠው እጅ አልለቅም ስላለ ብቻ ግልቢያው የቀረበትን ዘመን አይተናል። ስለዚያ ዘመን ለልጆቻችን ተናግረን አናውቅም። ባለፈው ሰሞን አንዲት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ጠየቀችንና መልሱ ከአፋችን ሳይወጣ ቀረ። ይህን የምንጽፈው ያን ቀን ሳንመልስላት ስለቀረን ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እኛ በኢንግልዉድ ከተማ በአንድ መናፈሻ ውስጥ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ማለዳ፣ የወገኖቻችንን ልጆች ሩጫ የምናለማምድ አራት አዛውንቶች ነን። ሁለታችን በወጣትነታችን አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ክለብ ሮጠናል፤ ሦስተኛው የስፖርት መምህር ነበረ፤ አራተኛው በዚያው ክለብ የአሠልጣኙ ረዳት ሆኖ ሰዓት ይይዝ ነበር። በስደት ዓለም ከመካከላችን ታክሲ የነዳ፣ የመኪና ማቆሚያ የጠበቀ፣ ሌሊት በጥበቃ ሥራ ያደረ አለ። ከራሳችን በላይ አውሮፕላኖች ወደ ማረፊያው ዝቅ እያሉ ያልፋሉ፤ ልጆቹ ይሮጣሉ፤ እኛም «ትከሻሽን ፍቺ! እጅህን አትጨብጥ!» እያልን እንጮኻለን። ልምምዱ ሲያበቃ ወደ ፌርፋክስ ጎዳና ነድተን ቡናችንን እንጠጣለን። በ2002 የከተማው ምክር ቤት «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየመው ያ ሰፈር የሚጀምረው ከኦሊምፒክ ጎዳና ነው። ጎዳናው ይህን ስም ያገኘው ሎስ አንጀለስ በ1932 ካስተናገደችው ጨዋታ ነው። እንግዲህ እንጀራችንን የምንቆርሰው ከኦሊምፒክ ጥግ ተቀምጠን ነው ማለት ነው።

ልጅቱ ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ነው። ለትምህርት ቤት ሥራዋ የ1984ቱን የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ አሸናፊዎች ስታገላብጥ ቆይታ፣ «ጋሼ፣ ኢትዮጵያ የለችም እኮ! ያኔ ደካማ ነበራችሁ እንዴ?» አለችን። እርስ በርሳችን ተያየን። አንዳችን «አልመጣንም» አለ። «ለምን?» አለች። ለዚያኛው መልስ አልነበረንም።

ደካማ አልነበርንም። በ1980 በሞስኮ፣ አሠልጣኝ ንጉሤ ሮባ በነበሩበት ቡድን ውስጥ፣ ምሩፅ ይፍጠር የ5 ሺህና የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ሲወስድ፣ መሐመድ ከድርና እሸቱ ቱራ ነሐስ አምጥተዋል። ኢትዮጵያ ከ1981 እስከ 1985 በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና የወንዶችን የቡድን ውድድር አምስት ዓመት በተከታታይ አሸንፋለች። በ1983 በቀለ ደበሌ የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮን ሆነ፤ በዚያው ዓመት በሔልሲንኪ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ላይ ከበደ ባልቻ በማራቶን ብር አገኘ። ፈረሱ ይኸው ነበር። ሜዳውም ይኸው ከኢንግልዉድ በመኪና ጥቂት ደቂቃ የሚያስኬደው ኮሊሲየም ነበር። የቀረው ልጓሙን መልቀቅ ብቻ ነበር።

በግንቦት 1984 ሶቪየት ኅብረት አልሄድም አለች፤ ደርግም የወዳጁን ፈለግ ተከተለ። ሞስኮ ለዋሽንግተን ልትመልሰው የፈለገችው ብድር ነበራት፤ ብድሩን ከከፈሉት መካከል ግን እንጦጦ ላይ ሲሮጡ የኖሩ የድሀ ልጆች ይገኙበታል።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ሥልጠና ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ሥልጠና የሌላን ሰው አጭር ጊዜ በአደራ ተቀብሎ መቁጠር ነው። አሠልጣኝ ሯጩን ወራት ሙሉ በእንጦጦ ባሕር ዛፍ መካከል ረዥም ርቀት በዝግታ ያስሮጠዋል፤ ቀጥሎ አስፋልት፣ ቀጥሎ መም ላይ ያስገባዋል፤ ዙሩን እያሳጠረ ፍጥነቱን ይጨምራል። ማለዳ የልብ ትርታውን ይቆጥራል፤ ፊቱን አይቶ እንቅልፍ ማጣቱን ይለያል። ውድድሩ ሲቃረብ ደግሞ ከሁሉ የሚከብደውን ያደርጋል፤ ልምምዱን ይቀንስና ሯጩን ያሳርፈዋል። ይህ ሁሉ የሚደረገው ለተወሰኑ ሳምንታት ብቻ ለሚቆይ ብቃት ነው። ብቃት እንደ ጤፍ በጎተራ አይቀመጥም። ያ ሳምንት ካለፈ አለፈ። የሚቀጥለው ኦሊምፒክ ደግሞ ከአራት ዓመት በኋላ ነው፤ ለሯጭ አራት ዓመት አንድ ሙሉ ዕድሜ ሊሆን ይችላል።

የታላላቆቹ አሠልጣኞች ታሪክም የዚሁ አደራ ታሪክ ነው። በ1946 ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን አበበ ቢቂላን ለሮምና ለቶኪዮ አዘጋጅተዋል፤ በ1964 አበበ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ገና ጥቂት ሳምንታት ቢሆነው ነበር ቶኪዮ ላይ ያሸነፈው። ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ፣ በ2016 ያረፉት፣ ከደራርቱና ከኃይሌ እስከ ቀነኒሳና ጥሩነሽ ድረስ ያለውን ትውልድ በቁጣቸውም በፍቅራቸውም ቀርጸዋል። በበቆጂ ደግሞ ስንታየሁ እሸቱ፣ አንድ የስፖርት መምህር፣ ከተማሪዎቹ መካከል ሻምፒዮኖችን ለይቶ አውጥቷል። ኒስካነን ያረፉት በዚያው በ1984 ነው።

ከእኛ ክለብም አንድ ልጅ ለብሔራዊ ቡድኑ ዝግጅት ተመርጦ ነበር። የክለባችን አሠልጣኝ ዝምተኛ ሰው ነበሩ፤ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር ነበራቸው። በየገጹ አናት ላይ «ለሎስ አንጀለስ ይህን ያህል ቀን ቀረ» ብለው ይጽፉና ከሥሩ የልጁን ሰዓት ይመዘግባሉ። አንቀርም ብለው አምነው ነበር። ውሳኔው በራዲዮ በተነገረ ማግሥት ማለዳ ሁላችንም እንደተለመደው መም ላይ ተገኘን። አሠልጣኛችን ምንም አላሉም። የዕለቱን ልምምድ ነገሩት፤ ልጁም ሮጠ። ዙሮቹን ሁሉ በታዘዘው ሰዓት ጨረሰ። ከዚያ ጫማውን አውልቆ ሳሩ ላይ ተቀመጠና፣ «ጋሼ፣ ነገ ስንት ቀን ቀረ ብለው ይጽፋሉ?» አላቸው። አሠልጣኛችን ፊታቸውን ወደ ግንቡ አዞሩ። በሚቀጥለው ዓመት ልጁ ቋንጃውን ተጎዳ። ወደ ውድድር አልተመለሰም።

ይህ አንድ ጊዜ ብቻ የሆነ ነገር ቢሆን ክፉ ዕጣ እንለው ነበር። ግን በ1976 ኢትዮጵያ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር ከሞንትሪያል ቀርታለች፤ የምሩፅ እግር በነደደበት ዓመት። በ1988 ደግሞ በላይነህ ዲንሳሞ በሚያዝያ ወር ሮተርዳም ላይ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰኮንድ የማራቶንን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ኢትዮጵያ ሴኡል አልተገኘችም። ከ1976 እስከ 1988 ከተካሄዱት አራት ኦሊምፒኮች የተገኘነው በአንዱ ብቻ ነው። የሞንትሪያሉ ምክንያት ከአፓርታይድ ጋር የሚደረግ ትግል ስለነበር፣ ከእኛ መካከል እስከ ዛሬ ትክክል ነበር የሚል አለ። ይሁን። ነገር ግን በሦስቱም ጊዜ ሯጩን «አንተስ ምን ትላለህ?» ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

ሶፋይ ስታዲየም በ2020 እዚህ ኢንግልዉድ ሲከፈት፣ የተሠራው ሆሊውድ ፓርክ የሚባለው የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ በነበረበት ቦታ ላይ ነው። እኛ ወደ ሩጫ የገባንባት ጃንሜዳም የፈረስ ጉግስና የእሽቅድምድም ሜዳ ነበረች። ፈረስ ባለቤት አለው። ባለቤቱ ሲሻው ያስገባዋል፣ ሲሻው ያስቀረዋል። ሹማምንቶቻችን አትሌቱን ያዩት በዚህ ዓይን ነው። ሯጭ ግን ባለቤቱ ራሱ ነው።

እዚህ ላይ ጽሑፋችንን ብንጨርስ ለእኛ ይቀለን ነበር። ጣትን ወደ ሌላው መቀሰር ይቀላልና። ግን ልጅቱን ዋሽተን ልናሳድጋት አንፈልግም፤ እኛም ልጓም ጨብጠን እናውቃለን።

ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ወጣት ሯጭ ከአገር ቤት ለጎዳና ላይ ሩጫ ወደዚህ መጣ። አሠልጣኙ አብሮት አልነበረም፤ በስልክ ብቻ ነበር የሚያናግረው። እኛ በውድድሩ ዋዜማ ፌርፋክስ ላይ እራት ጋበዝነው። ካበላነው በኋላ፣ ነገ የእኛን ሰንደቅ ዓላማ ይዘህ ግባ፣ ካሜራ ፊት ስለ ታሰሩት ወገኖች አንድ ቃል ተናገር አልነው። አንገቱን ደፋ። ስንጨቀጭቀው አመሸን። እኩለ ሌሊት ሲቃረብ «ጋሼ፣ እናቴ እዚያ ናት። ደግሞም ነገ እሮጣለሁ፤ ልተኛ» አለን። በማግሥቱ ከኋላ ገባ። እኛም ወኔ የለውም፣ ለሆዱ ያደረ ነው እያልን በየቡናው አወራን። ሰዓት ስንይዝ የኖርን ሰዎች፣ ከውድድሩ በፊት ያለችው ሌሊት የማን እንደሆነች እያወቅን ሰረቅነው። ቤተ መንግሥት ያለ ባለሥልጣን በፊርማ ያደረገውን እኛ በእራት ግብዣ አደረግነው። ይህን ስናምን ያፍረናል፤ ቢሆንም ይጻፍ።

በ2016 ፈይሳ ሌሊሳ በሪዮ ማራቶን ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ እጆቹን ከራሱ በላይ አጣምሮ የሕዝቡን እሮሮ ለዓለም ሲያሳይ ሁላችንም አለቀስን። ያን ወጣት የሰደብን እኛው ነን ያጨበጨብነው። ልዩነቱን የተረዳነው ዘግይተን ነው። የፈይሳን እጆች ያጣመራቸው ፈይሳ ነው። የወሰነው እርሱ ነው፤ እስከ 2018 ድረስ ከአገሩ በመራቅ ዋጋውን የከፈለውም እርሱ ነው። ጀግንነት ከራስ ሲመነጭ ጀግንነት ነው፤ በሌላ ሰው ትእዛዝ ሲሆን ግን ያው ልጓም ነው።

አሁን ዘመኑ ዞሮ መጥቷል። በሐምሌ 2028 ኦሊምፒክ ወደ ሎስ አንጀለስ ይመለሳል። አትሌቲክሱ በዚያው በኮሊሲየም፣ ዋናው ደግሞ እዚሁ ኢንግልዉድ በሶፋይ ስታዲየም እንዲካሄድ ታቅዷል። የሴቶች ማራቶን በኦሊምፒክ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሮጠው በ1984 በዚህች ከተማ ነበር፤ አንዲት ኢትዮጵያዊት አልነበረችበትም። ከ44 ዓመት በኋላ የደራርቱና የፋጡማ ሮባ ልጆች ወደዚሁ ሜዳ ይመጣሉ ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

በአገር ቤት ያላችሁ የስፖርት ኃላፊዎች ሆይ፤ በቶኪዮው ኦሊምፒክ ሰሞን በኦሊምፒክ ኮሚቴውና በፌዴሬሽኑ መካከል የነበረውን ንትርክ ሕዝብ አይቶ አዝኗል። ሯጩን ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚያውቀው አሠልጣኝ ቦታው ከሯጩ ጎን ነው። በአውሮፕላኑ ላይ አንድ ወንበር ቢጎድል የሚቀረው ባለ ሱፉ ይሁን እንጂ ባለ ሰዓቱ አይሁን። በስደት ያለን ወገኖች ደግሞ፣ ልጆቹ ሲመጡ እናብላቸው፣ እናጨብጭብላቸው፣ ከዚያ እንዲተኙ እንተዋቸው። መናገር የሚሻ ይናገር፤ እናዳምጠዋለን። ዝም የሚልም ዝምታው ይከበርለት።

ባለፈው ቅዳሜ ሰማያዊውን ደብተር ወደ መናፈሻው ይዘነው ሄድን። አሠልጣኛችን ከማረፋቸው በፊት ለአንዳችን ሰጥተውት ነበር። ለልጅቱ የመጨረሻውን የተጻፈበት ገጽ አሳየናት። አማርኛ ማንበብ ይከብዳታል፤ ፊደል በፊደል ቆጥራ «ለሎስ አንጀለስ 55 ቀን ቀረ» ብላ አነበበች። ቀጥሎ ያለውን ገለጠች፤ ባዶ ነው። ሌላም ገለጠች፤ እርሱም ባዶ ነው። ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ነገርናት፤ የእራቱንም ነገር ጨምረን። ዝም ብላ ሰማችንና፣ ጫማዋን አጥብቃ ወደ መነሻው ሄደች። ወደፊት የየትኛውን አገር መለያ እንደምትለብስ አልጠየቅናትም፤ አንጠይቃትምም። ሰዓቱን ያዝንላት።

ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው። ልጓሙ ብቻ ይለቀቅ።

ቸር ይግጠመን!