ከእሳት የወጣ ብርጭቆ

ባለፈው ክረምት ሲያትል የምትገኝ አንዲት የሐበሾች ቤተ ክርስቲያን ለጉባኤ ጋብዛን እኔና ባለቤቴ ወደዚያ ሄደን ነበር። ጉባኤው እሑድ ተጠናቀቀ። ረቡዕ ዕለት ያሳደረን ወንድም ከሥራው ፈቃድ ወስዶ፣ "ስትሰብኩ ሰነበታችሁ፤ ዛሬ ደግሞ እናንተ ቁጭ ብላችሁ ታያላችሁ" አለንና ወደ ደቡብ ነዳ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ታኮማ የምትባል ከተማ ደረስን።

"የብርጭቆ ሙዚየም ነው" ሲለን፣ እውነቱን ለመናገር ልባችን አልተነሣሣም። ለእኛ ብርጭቆ ማለት ሻይ የሚቀዳበት ነው። ከዚያ ከፍ ቢል በአያቶቻችን ቤት የነበረው ብርሌ ነው፤ እሱንም ጌታን ካገኘን ወዲህ ከነጠጁ ትተነዋል።

ከመሐል ከተማው ወደ ሙዚየሙ የሚያሻግር የእግረኞች ድልድይ አለ። በአንደኛው በኩል ጣሪያው በ2,364 የብርጭቆ ቅርጾች የተሞላ ነው። ቀና ብለን ስናይ ከባሕር በታች የቆምን መሰለን፤ ዮሐንስ በራእዩ ስላየው የብርጭቆ ባሕር አነሣንና ዝም አልን። ሥራው የዴል ቺሁሊ ነው፤ ሰውየው በ1941 እ.ኤ.አ. እዚያው ታኮማ ተወለደ። በ1976 በመኪና አደጋ የግራ ዓይኑን ብርሃን አጣ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ትከሻው ሲጎዳ የመንፊያውን ቧንቧ ለሌሎች አስይዞ እሱ ቆሞ መምራት ጀመረ።

ሙዚየሙ በ2002 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ነው። ከሩቅ የሚታየው ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ትልቅ የብረት ሾጣጣ ሲሆን፣ በውስጡ ብርጭቆ በሕዝብ ፊት የሚሠራበት ክፍል አለ። መቀመጫው እንደ ስታዲየም ደረጃ ደረጃ ነው። ስለ ሌሎቹ አዳራሾች ብዙ አንጽፍም፤ ቀናችን ያለቀው እዚህ ነው።

ባለሙያዋ ረጅሙን ቧንቧ ወደ ምድጃው ሰደደችና በ1,100 ዲግሪ ገደማ የቀለጠውን ብርጭቆ እንደ ማር ጠቅልላ አወጣች። ከአሸዋ፣ ከሶዳና ከኖራ የሚገኝ ነገር ነው ብሎ ለማመን ይከብዳል። ቧንቧውን ማሽከርከር አታቆምም፤ ካቆመች ብርጭቆው ወደ ታች ይወርዳል። በውሃ የራሰ የታጠፈ ጋዜጣ በመዳፏ ይዛ የጋለውን ስትደባብሰው የተቃጠለ ወረቀት ሽታ እስከ መቀመጫችን መጣ። አንዱ ይነፋል፣ አንዱ የምድጃውን በር ይከፍታል፣ ሌላው ክንዷን ከሙቀቱ በእንጨት ይከልላል። በመጨረሻ ሰማያዊ የአበባ ማስቀመጫ ወጣ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ እኛማ ሃሌ ሉያ ልንል ጥቂት ቀረን።

ሥራው ያለቀ መስሎን ልንነሣ ስንል፣ ወፍራም ጓንት ያደረገ ረዳት ማስቀመጫውን እንደ ሕፃን አቅፎ ሌላ ምድጃ ውስጥ አስገባና በሩን ዘጋበት። ባለቤቴ፣ "ካለቀ ለምን እንደገና እሳት ውስጥ ይገባል?" ብላ ማይክሮፎን የያዘውን አስረጂ ጠየቀችው።

ያ ምድጃ 500 ዲግሪ ያህል እንደሆነና ሙቀቱ ቀስ እየተባለ እንደሚቀነስ ነገረን። ብርጭቆው ውጭ ቢተው ላዩ ቶሎ ቀዝቅዞ ይኮማተራል፣ ውስጡ ግን ገና የጋለ ነው፤ ሁለቱ ይጓተታሉ። ዓይን ምንም አያይም። ጠረጴዛ ላይ ሲያበራ ይቆይና በማግስቱ ወይም ከሳምንት በኋላ ማንም ሳይነካው ይሰነጠቃል። "ይህኛው ነገ ነው የሚወጣው፤ ትልልቆቹ ቀናት ይፈጃሉ" አለን። በኋላ ስናነብ፣ በ1934 እ.ኤ.አ. ኮርኒንግ ውስጥ ለፓሎማር ቴሌስኮፕ የፈሰሰው 5 ሜትር ስፋት ያለው የመስተዋት ብርጭቆ ለመቀዝቀዝ 10 ወር ያህል እንደፈጀ አገኘን።

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞር ብላ የአንድ ልጅ ስም ብቻ ጠራች። ሌላ አልጨመረችም።

ስሙን እዚህ አንጽፍም። ጌታን ባገኘ በሦስተኛው ወር ማይክ አስይዘነዋል፤ "እኛ" ስንል አሁን ሽማግሌዎቹንም ጨምረን ነው። ድምፁ የሚያስለቅስ ነበር። በስድስተኛው ወር ፎቶው በየጉባኤው ፖስተር ላይ ነበር። ያኔ ባለቤቴ፣ "ይህ ልጅ ትንሽ ይቀመጥ፤ ቃሉን ይማር" ብላ ነበር፤ እኛ ግን ወጣቱ እየጎረፈ ነው ብለን አለፍናት። ጳውሎስ አዲስ አማኝን ስለ መሾም ለጢሞቴዎስ የጻፈውን አላጣነውም፤ ሥነ መለኮት ኮሌጅ ፈተና ላይ መልሰነዋል።

በሁለተኛው ዓመት ወደቀ። አወዳደቁን መዘርዘር አያንጽም። በስብሰባችን አንዱ ሽማግሌ "ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ" ሲል የተቃወመው አልነበረም። ከአገልግሎት አገድነው፤ ያም ሳይገባ አልቀረም። ልጁ ግን ሲወጣ የተናገረው እስከ ዛሬ ጆሯችን ውስጥ አለ፦ "ፓስተር፣ ሁሉም 'ዛሬ ምን ትዘምራለህ?' ይለኛል። 'እንዴት ነህ?' ያለኝ ሰው የለም።"

የተሰበረ ብርጭቆ ተመልሶ ቀልጦ ሊሠራ እንደሚችል እዚያው ሰማን። ለስብከት የሚመች ነው ብለን ማስታወሻ ያዝን፤ መኪና ውስጥ ግን ሰረዝነው። ልጁ ሳይቀዘቅዝ ከእሳት አውጥተን አደባባይ ያስቀመጥነው እኛ ሆነን ሳለ፣ ስብራቱን ለስብከት ማጣፈጫ ልናደርገው አልደፈርንም።

የዚያን ዕለት ማታ፣ አዲስ አበባ ሲነጋ፣ ደወልንለት። አነሣ።

"ፓስተር፣ ጉባኤ አለ እንዴ?"

"የለም ልጄ። እንዴት ነህ ልንልህ ነው።"

ብዙ ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎን "ሃሎ" አልን። "አለሁ" አለ። ጎሚስታ ቤት እንደሚሠራ፣ እናቱ እንደታመሙ ነገረን። የእናቱን መታመም ያኔ ነው የሰማነው። ይቅርታ ጠየቅነው፤ "ምንም አይደል" አለ፣ ሰው ምንም ሲሆን እንደሚለው። ባለቤቴ ስልኩን ተቀብላ፣ "ስንመለስ ቅዳሜ ቡና አፈላለሁ፤ ጊታርህን ቤት ትተህ ና" አለችው።

እስካሁን ሁለት ቅዳሜ መጥቷል። አልዘመረም፤ እኛም አልጠየቅነውም።