የአባቴ ላዳ ዳሌዋን ስትነቀንቅ

እኔ የምላችሁ፣ መኪናም እንደ ሰው ሲያረጅ መጀመሪያ የሚደክመው መገጣጠሚያው ነው ብላችሁ ታምናላችሁ? እኔ ያመንኩት እናቴን ኋላ ወንበር ላይ አስቀምጬ ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ስወርድ ነው። ዝናብ ነበር። ፍሬን ነካ ሳደርግ ከኋላ «ቋ!» የሚል ድምፅ ተሰማና የመኪናዋ ዳሌ ወደ ጎን ሸርተት አለ። እናቴ «በስመ አብ!» ስትል እኔን ላብ አጠመቀኝ።

መኪናዋ ላዳ ናት፤ ፊያት 124ን መነሻ አድርጎ በ1970 እ.ኤ.አ. መመረት ከጀመረው ዘር። አባቴ ሰማያዊና ነጭ ቀብቶ በታክሲነት ሠርቶባት እኛን አሳድጎባታል። አሁን የቤት መኪና ናት፤ ለእሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ ለለቅሶና ለሠርግ።

የመኪና ውድድር ካየ እንቅልፍ የማይወስደው አንድ ወዳጅ አለኝ። ጉዱን ስነግረው «የኋላ ዘንጎቿ ጎሚኒ አልቆ ነው፤ ጠንካራውን ግጠምላትና እርሳው» አለኝ። ያመጣልኝ በብየዳ የተሠሩ ወፋፍራም ዘንጎች ናቸው፤ ጫፋቸው ላይ በላስቲክ ፋንታ ድንጋይ የመሰለ ፖሊዩሬቴን ገብቶበታል። ቀይ ቀለም ተቀብተው ሲያምሩ! ልቤ ቀለጠ። ለሠርጌ ካጠራቀምኳት ላይ ቆንጥሬ ገዛሁ።

ምን ልበላችሁ፣ የመጀመሪያው ሳምንት ደስ አለኝ። መኪናዋ ቀጥ አለች። በሁለተኛው ወር ግን እያንዳንዱ ጉድጓድ ወገቤ ላይ ይቆጠር ጀመር። እናቴም «ልጄ፣ ይቺን መኪና ምን አደረግሃት? አጥንቴን እኮ ጨረሰችው» አለች። ቀጥሎ ከሥር «ጢቅ፣ ጢቅ» የሚል ድምፅ መጣ።

አባቴን የሚያውቁ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ወሰድኳት። በክሪክ አንስተው፣ ባትሪ አብርተው አዩና ዝም አሉ። ከዚያ «ና እየው» አሉኝ። ዘንጉ ከቦዲው ጋር የሚታሰርበት ላሜራ ተሰንጥቋል!

«ጋሼ፣ ጠንካራ ነው ተብዬ እኮ ነው» አልኳቸው።

«ጥንካሬውማ ነው የጎዳህ» አሉና አስረዱኝ። የላዳን የኋላ አክስል የሚይዙት አምስት ዘንጎች ናቸው፤ አራቱ በቁመት፣ አንዱ በአግድም። አንዱ ጎማ ጉብታ ሲወጣ አክስሉ ያዘነብላል፤ ያኔ የዘንጎቹ ጫፍ ጠምዘዝ ማለት አለበት። ላስቲክ ይሄን ይችላል፤ ጠንካራው እምቢ ይላል። እምቢ ሲል ጉልበቱ የሚያርፈው ዝገት የበላው አሮጌ ላሜራ ላይ ነው። ለስላሳ ሜዳ ላይ ለሚወዳደር ሰው ይጠቅም ይሆናል፤ በእኛ መንገድ እናቱን ለሚያመላልስ ግን አይሆንም።

ላሜራው ተበይዶና ተጠናክሮ፣ እንደ ጥንቱ የላስቲክ ጎሚኒ ያላቸው ዘንጎች ተገጠሙ። ወጪው እጥፍ ሆነ፤ ሠርጉም ትንሽ ተገፋ። እጮኛዬ ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም!

እንግዲህ አሮጌ መኪና የምትነዱ ወንድሞችና እህቶች፣ ከእኔ ተማሩ። ዘንግ ከመግዛታችሁ በፊት የሚታሰርበትን ላሜራ አስፈትሹ። ዘንጉ ደህና ከሆነ ጎሚኒውን ብቻ መቀየር ይበቃል፤ ከተጣመመ ግን አስቀጥቅጣችሁ አትመልሱት፣ ቀይሩት። ግራና ቀኙን አንድ ላይ ቀይሩ፤ ርዝመታቸውም እኩል ይሁን፤ አለበለዚያ አክስሉ ይንጋደድና መኪናዋ በጎኗ ትሄዳለች። አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ፤ ብሎኖቹ በደንብ የሚጠብቁት መኪናዋ ከክሪክ ወርዳ በጎማዋ ከቆመች በኋላ ነው። ተንጠልጥላ ሳለች ከጠበቁ ላስቲኩ እንደተጠመዘዘ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል።

ባለፈው እሑድ እናቴን ይዤ ያንኑ ቁልቁለት ወረድኩ። ፍሬን ያዝኩ፤ ላዳዋ ቀጥ ብላ ቆመች። እናቴ ምንም አላለችም። ዞር ብዬ ሳያት እንቅልፍ ወስዷታል።