ከማሽኑ በታች



እኛ ቤት የሥዕል ታሪክ መጽሔት ገብቶ አያውቅም ነበር። ባለፈው ክረምት ግን ከአሜሪካ ለዕረፍት የመጣች አክስቱ ለመጨረሻው ልጃችን ወፍራም የስፓይደርማን ጥራዝ ይዛለት መጣች። ልጁ 16 ዓመቱ ነው። በጠዋት ጸሎት ላይ ሲያንቀላፋ ሌሊቱን በምን እንዳሳለፈው ገባንና መጽሐፉን ወሰድንበት። በማግሥቱ ልንመልስለት ነበር ሐሳባችን። በማግሥቱ ጠዋት ያንቀላፋነው ግን እኛው ራሳችን ነን።

እውነቱን ለመናገር መጽሐፉን የገለጥነው ለወጣቶች ፕሮግራም የሚሆን ማስጠንቀቂያ ፍለጋ ነበር። መጋቢ ሆኖ ብዙ ዓመት የኖረ ሰው ይህ ልማድ አይለቀውም።

ያቆመን ቁጥር 33 ነው። ሽፋኑ ላይ ፌብሩዋሪ 1966 የሚል ቀን አለበት፤ በጊዜው ዋጋው 12 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። ታሪኩን ያቀደውና የሣለው ስቲቭ ዲትኮ ሲሆን ቃሉን የጻፈው ስታን ሊ ነው። በዚያን ጊዜ ሁለቱ እርስ በርስ አይነጋገሩም ነበር ይባላል፤ በዚያው ዓመትም ዲትኮ ሥራውን ትቶ ሄደ። አብረው እያገለገሉ ሳይነጋገሩ መልካም ፍሬ የሚያፈሩ ሰዎችን በቤተ ክርስቲያንም አይተናልና ብዙ አልገረመንም።

ታሪኩን ለማታውቁት ባጭሩ እንንገራችሁ። ፒተር ፓርከር ወላጅ የሌለው ልጅ ነው፤ ያሳደጉት አጎቱ ቤንና አክስቱ ሜይ ናቸው። በ1962 በወጣው የመጀመሪያ ታሪኩ ላይ፣ ኃይሉን ባገኘ ሰሞን፣ ከፊቱ እየሮጠ ያለፈ ሌባ ማስቆም ሲችል ምን አገባኝ ብሎ አሳለፈው። ያው ሌባ በኋላ አጎቱን ገደለው። ልጁ ከዚያ ወዲህ ዕረፍት የለውም።

በቁጥር 33 ደግሞ አክስቱ ሆስፒታል ተኝታ ልትሞት ነው። ያሳመማት የገዛ ደሙ ነው። ቀደም ብሎ ታማ ደም ባስፈለጋት ጊዜ እሱ ሰጥቷት ነበር፤ በደሙ ውስጥ ያለው ጨረር ግን መርዝ ሆነባት። ያድናታል የተባለውን መድኃኒት የዶክተር ኦክቶፐስ ሰዎች ሰረቁት። ፒተር ተከታትሎ ከውኃ በታች ወደ ተሠራው መደበቂያቸው ገባ፤ በትግሉ መካከል ቤት የሚያህል ማሽን ተጫነው። መድኃኒቱ የተቀመጠበት ዕቃ ከፊቱ፣ እጁ ከሚደርስበት ትንሽ አለፍ ብሎ ወድቋል። ጣሪያው ማፍሰስ ጀምሯል።

ሌላ ሠዓሊ ቢሆን በሁለት ሥዕል ማሽኑን አስነሥቶት ወደ ድብድቡ በተመለሰ ነበር። ዲትኮ ግን ገጽ በገጽ እዚያው ያቆየናል። መጀመሪያ ልጁ ትንሽ ነው፤ ብረቱና ጥቁር ቀለሙ ሥዕሉን ሞልተውት እሱ ከሥር ታጥፎ ይታያል። ይሞክራል፣ አይነቃነቅም። ፊቱ በጭንብል ስለተሸፈነ እንባውንም ምሬቱንም ማየት አንችልም፤ ስለዚህ ሠዓሊው ሁሉን ነገር በጀርባው፣ በአንገቱና በእጆቹ ያናግረዋል። ውኃው ይንጠባጠባል። የአጎቱና የአክስቱ ፊት ከአናቱ በላይ ገዝፎ ይመጣበታል። ደግሞ ይሞክራል። የሥዕሎቹ ሳጥኖች እየሰፉ ይሄዳሉ፤ እኛም ሳናውቀው ትንፋሻችንን ይዘን ነበር። ከዚያ ገጹ ሲገለጥ አንድ ሥዕል ብቻ ገጹን ሁሉ ይዞታል፤ ልጁ ተነሥቷል፣ ማሽኑም ከላዩ ተነቅሏል፣ ውኃው ይወርዳል።

ስታን ሊ በዚህ ሁሉ መካከል አረፋዎቹን በቃል ሞልቷቸዋል። እንደ ብዙ ሰባኪዎች፣ እኛንም ጨምሮ፣ ዝምታው ሥራውን እንዲሠራ አይተወውም።

በሥነ መለኮት ኮሌጅ የተማረ ሰው እዚህ ላይ ዝም ማለት አይችልም፤ እኛም አልቻልንም። ዲትኮ የኤይን ራንድን ፍልስፍና የተከተለ ሰው ነበር፤ ሰው በገዛ ፈቃዱና በገዛ ጉልበቱ ይቆማል የሚል ትምህርት ነው። ያ ገጽ ይህን ያሳያል። ማንም አልመጣለትም፤ ጸሎትም የለም፤ የሚያነሣው ጉልበቱና ጸጸቱ ናቸው። ደግሞ የዚያ ልጅ ደም ሊያድን ተሰጥቶ መርዝ መሆኑ! ስለ ሌላ ደም ስንሰብክ የኖርን ሰዎች ይህን አንብበን ዝም ብለን ማለፍ አልሆነልንም። ሰው ለሚወደው ሰው ያለውን ሁሉ ሰጥቶ እንኳ ሊያድነው እንደማይችል ይህን ያህል በግልጽ የሚናገር ነገር በሥዕል መጽሔት ውስጥ እናገኛለን ብለን አልጠበቅንም።

ይህን ሁሉ ለልጃችን ነገርነው። መጽሐፉን ስንመልስለት ደህና አድርገን ሰበክነው ማለት ነው። ሰምቶ ሲያበቃ እንዲህ አለ፦

«አባዬ፣ እሱን ተወውና፣ አጎቱ ይቅር ብሎት ቢሆንስ? ማን ይነግረዋል? ሰውዬው ሞቷል እኮ።»

መልስ አልነበረንም።

እናታችን ያረፈችው በ1995 ዓ.ም. ነው። ሆሳዕና ታማ ተኝታ፣ እዚያ የታጣ መድኃኒት አዲስ አበባ ፈልጋችሁ አምጡ ተባልን። ረቡዕ ዕለት ገዛነው። ከዓርብ እስከ እሑድ ግን የምናገለግልበት ጉባኤ ነበር፤ ሰኞ ይዘን እንሄዳለን አልን። ሌላ ሰው ይዞት እንዲሄድ ማድረግ ይቻል ነበር፤ አላደረግነውም። እሑድ ማታ ከመድረክ ስንወርድ ነው መርዶው የደረሰን። መድኃኒቱ ከነከረጢቱ ቁም ሳጥኑ ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ «አንችልም» ብለን የመለስነው የአገልግሎት ግብዣ የለም። ሌሊት የተጠራንበት የታመመ ሰው ቤት ሁሉ ሄደናል። ወገኖች ትጋታችንን እያዩ እግዚአብሔርን አመሰገኑ፤ ወጣቶችም ምሳሌ አደረጉን። ስለ ጸጋ እየሰበክን፣ ማታ ማታ ግን ስንት እንደቀረን የምንቆጥር ባለዕዳዎች ነበርን። ጌታ ይቅር እንዳለን እናምናለን፤ በዚህ ተጠራጥረን አናውቅም። ነገር ግን ከጌታ በቀር የነገርነው ሰው አልነበረም። እናታችንን ያስታመመችው ታላቅ እህታችን መድኃኒቱ ተፈልጎ እንደታጣ ነበር የምታውቀው። እንደዚያ እንድታስብ የተውናት እኛ ነን።

ልጁ መጽሐፉን ይዞ ወደ ክፍሉ ከገባ በኋላ ብዙ ቆየን። ገላትያ 6ን አወጣን፤ በዚያ ምዕራፍ ሐዋርያው በጥቂት ቁጥሮች ልዩነት አንዱ የሌላውን ሸክም እንዲሸከም፣ ደግሞም እያንዳንዱ የራሱን እንዲሸከም ይናገራል። በኮሌጅ ሁለቱ የግሪክ ቃላት እንደሚለያዩ ተምረናል፤ ለፈተናም ጽፈነዋል። የእኛ የትኛው እንደሆነ ግን ጠይቀን አናውቅም ነበር። ያዕቆብ 5ን ደግሞ ለሌላ ሰው ስንት ጊዜ ጠቅሰናል፤ እርስ በርስ ስለመናዘዝ የሚናገረውን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ጠዋት ተነሥተን ሆሳዕና ሄድን። ልጁም አብሮን መጣ፤ መንገዱን ሙሉ ያንኑ መጽሐፍ ነው ያነበበው። እህታችን አርጅታለች፤ ጉልበቷን ያማታል፤ ሳንነግራት በመምጣታችን ሰው የሞተ መስሏት ደነገጠች። ቁጭ አድርገን ነገርናት። የገዛንበትን ቀን፣ ጉባኤውን፣ ከረጢቱ የት እንደነበረ፣ አንድም ሳናስቀር።

ሳታቋርጠን ሰማችን። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ብዙ ዝም አለች። ልጁ ያየው እኛን ይሁን እሷን አላወቅንም።

«እኔ ደግሞ» አለች በመጨረሻ፣ «ቶሎ አልላክሁባችሁም። ሥራ ይዛችኋል፣ አላስቸግራቸውም ብዬ አንድ ሳምንት አቆየሁት። ይህን ሁሉ ዓመት የገደልኳት እኔ ነኝ እያልኩ ነው የኖርኩት።»

ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ ተነሣችና ልጁን ምሳ በልቶ እንደሆነ ጠየቀችው።